ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ የሀብሩን ወረዳ እንደ ጨረሰ የአምባሰል አገር ይቀበለዋል። የማሲንቆና የክራር ዐዋቂዎች ከሚቆጥሯቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ፥ ማለት አምባሰልና ባቲ፥ በወሎ አገር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የቀሩትም ትዝታና አንቺ ሆዬ ለወሎ እንግዶች አይደሉም። እንዲህ ዜማ በሞላበት አገር ግን ስንት አዝማሪ ዘፍኖ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ድምፅ ከአፍ ከወጣ በኋላ ማደሪያ የለውምና፥ ጎበዙ አዝማሪ በሞተ በሁለተኛው ትውልድ ስሙ ብቻ ይቀራል፤ በሦስተኛውም ስሙ ራሱ ይጠፋል።

ቤተ ክርስቲያን ለዜማዋ መላ አበጅታለች። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1533 እስከ 1551 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በወሎ ሳይንት በተድባበ ማርያም የድጓን ምልክት ሠርተዋልና፥ ሊቁ ቢሞት ዜማው በብራና ላይ ይኖራል። የሠርግና የግብር ቤት ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። ስለዚህ የዘፈን ድምፅ ከሞት ያመለጠበት ቀን መቼ እንደ ሆነ መጠየቅ የተገባ ነው።

ድምፅ የሚይዘው መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አስቀድሞ ለዘፈን ሳይሆን ለመንግሥት ጉዳይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታቸውን በፎኖግራፍ ሰም ላይ ተናግረው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱም የንግሥቲቱን ድምፅ ቆመው ሰሙ፤ ስለ ክብሩም መድፍ ተተኮሰ። ነገር ግን ንግሥቲቱ ድምፃቸው በሰው እጅ እንዳይቀር ፈልገው ነበርና፥ ከተሰማ በኋላ ሰሙ እንዲሰበር በታዘዘው መሠረት ተሰበረ። በዓለም ላይ ብርቅ የሚባል ቅጂ ብዙ ነው፤ ለሁለት ሰሚዎች ብቻ ተሠርቶ ወዲያው የጠፋ ግን ከዚህ ሌላ ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው በድምፅ መልስ ሰጡ፤ የእነርሱ ሰም ሳይሰበር ቀርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎ የተሰማ እሸቴ ነገር መጣ። ተሰማ በ1869 ዓመተ ምሕረት የተወለዱ፥ ግጥም ዐዋቂ፥ ቅኔ ወዳድ፥ ማሲንቆም የሚመቱ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ ወደ አዲስ አበባ አውቶሞቢል ይዞ ከመጣው ከጀርመኑ ከአርኖልድ ሆልጽ ጋራ፥ የመኪናን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። የተላኩት ለሞተር ነው፤ ታሪክ የሚያስታውሳቸው ግን በማሲንቆ ነው። በዚያ በቆዩበት ጊዜ 17 ሸክላዎች አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያም ዘፈን ለገበያ በሚሆን ሸክላ ላይ መጀመሪያ የታተመው ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀረጽበት ሥራ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን በዚህ ሥራ የገባው በፈረንጅ 1925 ነውና፥ ዘፋኙ ፊቱን ወደ ትልቅ ቀንድ መሰል ነገር አቅርቦ ይጮኻል፤ የድምፁ ኀይል በቀንዱ ጫፍ ያለውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጠዋል፤ በገበታውም ላይ የተያያዘው መርፌ በሚዞረው ሰም ላይ ይጽፋል። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ ብረቱም እንደ ማኅተም ሆኖ ሸክላውን ያትማል። ለስላሳ ድምፅ ለመርፌው ኀይል አይሆነውምና፥ ዘፋኙ ቢደክም ወይም ፊቱን ዘወር ቢያደርግ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የጊዜው ማነስ ነው። የአንዱ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አያልፍም። ይህን ነገር አዝማሪ በሚያውቅ ሰው ዘንድ ማመዛዘን ይገባል። በመርሳ ገበያ ማግሥት ወይም በወልድያ ሠርግ ቤት አዝማሪ ሲዘፍን ሰዓት አይቈጥርም፤ ተቀባዩ ግጥም ይሰጠዋል፥ እርሱም አዙሮ ይመልሳል፤ ጌታው ሲያሞግሱት ሽልማት ይጥላል፥ የተነካውም ሰው ይቈጣል፥ ሌላው ይሥቃል። ቅኔው ሰምና ወርቅ ያለው ነውና፥ ወርቁን ያገኘ ሰው እሰይ ሲል ዘፋኙ ይበረታል። ተሰማ ግን በቀንዱ ፊት ቆመው ሲዘፍኑ ከአማርኛቸው አንድ ቃል የሚያውቅ ከዚያ የአውሮፓ ሠራተኛ መካከል ማን ነበር? ሰሚው በሌለበት ለሰሚው ዘፈኑ። ሰሚያቸው ገና ባሕር ማዶ ነበረ፤ የሚሰማቸውም ሸክላው በመርከብና በበቅሎ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ያህል ሩቅ ለሆነ ሰው መዝፈን ከዚያ በፊት ማንም ኢትዮጵያዊ አዝማሪ ያልሞከረው ነገር ነው።

ሸክላ የሚለው ስም ለዚህ ዕቃ እጅግ የተገባ ሆኗል። እንደ ጀበና ሁሉ ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል፤ እየተጫወተም በመርፌው ይበላል። ስለዚህ አንድ ቤት ዘፈኑን ይበልጥ በወደደው መጠን ሸክላውን ቶሎ ያጠፋዋል፤ ሳይነካ የሚኖረው ያልተወደደው ነው። የማጫወቻው መኪና ዋጋ ውድ ነበርና የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ከመኳንንትና ከነጋዴ ወገን የሆኑ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ይህም ማለት፥ ለሕዝብ የተዘፈነው ነገር በሕዝብ እጅ ሳይገባ ብዙ ዘመን ቆየ።

የተሰማ ኑሮ ከወሎ ታሪክ ጋራ የተያያዘው በሌላ በኩል ነው። ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ ከልጅ ኢያሱ ባለሟሎች አንዱ ሆኑ፤ የነጋድራስነትንም ማዕርግ አገኙ። ልጅ ኢያሱ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ አባታቸውም በ1906 ዓመተ ምሕረት በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓመተ ምሕረት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ በወሩም፥ ጥቅምት 17 ቀን፥ የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት በሰገሌ ተሸነፈ። ከየጁና ከአምባሰል፥ ከወረሂመኖና ከቦረና የዘመተው ጦር ስንቱ እንደ ቀረ የወሎ እናቶች ያውቁታል። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ የነበረ ሁሉ በዚያ ጊዜ ሞገሱን አጣ፤ ነጋድራስ ተሰማም ከዚህ አላመለጡም። የሰው ማዕርግ እንዲህ በአንድ ቀን ሲወርድ፥ በጀርመን የታተመው ድምፅ ግን ሹም ሽር አላገኘውም።

ነጋድራስ እስከ 1957 ዓመተ ምሕረት ኖረዋል። ልጃቸው በጅማ የተወለደው ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ እርሱም በእግር ኳስ የታወቀ፥ ኢትዮጵያ በ1954 ዓመተ ምሕረት የአፍሪካን ዋንጫ ስታገኝ ያሠለጠነ፥ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር አለቃ የሆነ ሰው ነው። አባት በግጥም፥ ልጅ በኳስ መታወቃቸው ያስደንቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሸክላ ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። በ1940 ዓመተ ምሕረት ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቀደ። ይህን ክልከላ በ1961 ዓመተ ምሕረት አምኃ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት ጥሶ፥ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳተመ፤ እስከ 1967 ድረስም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ኋላ ካሴት መጣና ሸክላን ሻረው። የወሎይቱ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልና ባቲ ብዙ ቤት የገባው በካሴት ነው፤ ርካሽ ስለ ሆነ የመርሳው ነጋዴና የገጠሩ ገበሬም ደረሰበት።

ብርቅ ነገር በሁለት መንገድ ይመጣል። በእንግሊዝ አገር ቢትልስ የተባሉት ዘፋኞች ከ1963 እስከ 1969 በየዓመቱ ለገና በዓል ቀጭን ሸክላ እያስቀረጹ ለወዳጆቻቸው ማኅበር አባላት ብቻ ይልኩ ነበር፤ በሱቅም አይሸጥም ነበር። ይህ አስቀድሞ ታስቦ የተደረገ ብርቅነት ነው፤ ዘፋኙ ጥቂት አድርጎ የሚሠራው ለታማኝ ወዳጁ ምስጋና ነውና። የተሰማ ሸክላዎች ግን ብርቅ የሆኑት ማንም ሳይፈቅድ፥ በስብራትና በመርሳት ነው። ብርቅ ሊሆኑ አልተሠሩም።

ያም ሆኖ ታማኝ ወዳጅ አላጡም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 በፈረንጅ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የኢትዮጵያን የቀድሞ ዘፈኖች እየሰበሰበ ሲያሳትም፥ በ2011 የወጣውን 27ኛውን ክፍል ለነጋድራስ ተሰማ ሰጠ። አሳታሚው ቡዳ የሚባል ቤት ነው፤ ስሙ በአማርኛ ጆሮ ጥሩ ባይሆንም ሥራው መልካም ሆኗል። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የታተመበት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ የወጣው ይህ ክፍል፥ ጭፈራ ለሚፈልግ ሳይሆን አሮጌ ድምፅ ለሚወድ ሰው የተዘጋጀ ነው። በዚያ ሸክላ ውስጥ ተሰማ ማሲንቋቸውን እየመቱ ግጥሙን ይሰጣሉ፤ በመካከሉም ዝም ሲሉ የሚሰማው የመርፌው መንጫጫት ብቻ ነው። እሰይ የሚል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረምና፥ ለቅኔያቸው የሚገባው መልስ ከመቶ ዓመት በኋላ ከሰሚው ቤት ይመጣል።