ባልየው ያተረፈው ፊልም

የአሜሪካው ጣቢያ ሲቢኤስ የፈለገው ተዋናይቷን ሉሲል ቦልን እንጂ ባሏን አልነበረም። ጊዜው 1950 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ሉሲል የቤት እመቤት ሆና የምትተውንበት የራዲዮ ኮሜዲ ተወዶላታል፤ ጣቢያውም ወደ ቴሌቪዥን ሊያሻግረው አሰበ። እሷ ግን ባል ሆኖ የሚተውነው የእውነቱ ባሌ፣ ዴዚ አርናዝ ካልሆነ አልሠራም አለች። የጣቢያው ሰዎች ፊታቸውን አጠቆሩ። ዴዚ ኩባዊ የሙዚቃ ባንድ መሪ ነው፤ ኮንጋ ከበሮ ይመታል፤ እንግሊዝኛው ስፓኒሽ ስፓኒሽ ይላል። ቀይ ጸጉር ያላት አሜሪካዊት እንዲህ ያለ ሰው አግብታለች ብንል ማን ያምነናል አሉ። ሁለቱ ከተጋቡ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነበር!

ባልና ሚስቱ ክርክሩን ትተው አጭር ትርኢት አዘጋጁና ከተማ ለከተማ እየዞሩ አሳዩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሲቢኤስም እጁን ሰጠ።

ያን ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ማለት ኒውዮርክ ነው። የዘመኑ ንጉሥ ሚልተን በርል ከ1948 ጀምሮ ማክሰኞ ማታ በኤንቢሲ እየቀረበ፣ ቀሚስ አጥልቆና ከንፈሩን ቀብቶ አገሩን ያስቅ ነበር። እሱን ለማየት ሲል ቴሌቪዥን የገዛው ሰው ብዙ ስለነበር ‘ሚስተር ቴሌቪዥን’ የሚል ስም ወጣለት። ኤንቢሲ በ1951 የ30 ዓመት ውል አስፈረመው፤ ትርኢቱ ግን ከውሉ በኋላ አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1956 አበቃ። የዘመኑ ፕሮግራም አብዛኛው በቀጥታ የሚተላለፍ ነው፤ ሲያልቅ አለቀ። ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኘው መስመር ሥራ የጀመረው በ1951 መስከረም ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የካሊፎርኒያ ተመልካች የሚደርሰው ከቴሌቪዥን መስታወት ላይ በፊልም ካሜራ የተቀዳ፣ የደበዘዘ ምስል ነበር።

የሉሲልና የዴዚ ስፖንሰር የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነው። ሲጋራ ገዢው የሚበዛው በምሥራቅ ስለሆነ ትርኢቱ ከኒውዮርክ ይተላለፍ፣ የደበዘዘው ቅጂ ለምዕራቡ ይላክ አለ። ባልና ሚስቱ ደግሞ ኑሯቸው ካሊፎርኒያ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውንም እየጠበቁ ነው። መውጫውን ያመጣው ዴዚ ነበር፦ እንደ ሲኒማ በፊልም እንቅረጸው፣ ጥርት ያለውን ቅጂ ለሁሉም ጣቢያ እንላክ። ሉሲል ሰው ፊቷ ተቀምጦ ሲስቅላት ነበር ጎበዝ የምትሆነው፤ ስለዚህ ቀረጻው ተመልካች ባለበት አዳራሽ ይሁን ተባለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሲኒማ አሠራር አንድ ትዕይንት ይቀረጻል፣ ይቆማል፣ መብራት ይቀየራል፣ እንደገና ይቀረጻል። አዳራሽ ሙሉ እንግዳ አስቀምጦ ይህን ማድረግ ሳቁን መግደል ነው። ዴዚ ካርል ፍሮይንድን ለመነ። ፍሮይንድ በጀርመን ‘ሜትሮፖሊስ’ን፣ በሆሊውድ ‘ድራኩላ’ን የቀረጸ አንጋፋ ነው። እሱም መብራቱን ከላይ ሰቅሎ፣ ጥላውን አጥፍቶ፣ ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚቀርጽበትን ዘዴ አበጀ። ዛሬ ተመልካች ፊት የሚቀረጽ ሲትኮም ያየ ሰው የዚያን አሠራር ልጅ አይቷል።

ፊልም ግን ውድ ነው። ወጪው ሲንር ሲቢኤስ ከደመወዛችሁ በየሳምንቱ 1,000 ዶላር ቀንሱ አላቸው። ዴዚ እሺ አለ፤ በምትኩ ፊልሙ የእኛ ድርጅት የዴዚሉ ንብረት ይሁን አለ። አንዴ የታየን ኮሜዲ ማን ዳግመኛ ያየዋል? ሲቢኤስ ሳያቅማማ ተስማማ። በቴሌቪዥን ታሪክ ከዚህ የባሰ የከሰረ ፊርማ የሚገኝ አይመስለኝም።

ትርኢቱ ‘አይ ላቭ ሉሲ’ ተብሎ ጥቅምት 15 ቀን 1951 ተጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ሉሲል ዳግም ስታረግዝ እርግዝናው ታሪኩ ውስጥ ገባ፤ ነገር ግን ‘እርጉዝ’ የሚለው ቃል በስርጭቱ እንዳይነገር ተከለከለ፣ ድርሰቱንም አንድ ቄስ፣ አንድ ፓስተርና አንድ ራባይ አነበቡት። ጥር 19 ቀን 1953 ሉሲ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ስትወልድ 44 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ። ሉሲል ራሷም ወንድ ልጇን የተገላገለችው በዚያው ዕለት ነው። በማግሥቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ቃለ መሐላ ያየው 29 ሚሊዮን ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ዱብ ዕዳ መጣ፤ ሉሲል በ1936 ኮሙኒስት መራጭ ሆና መመዝገቧ ወሬ ሆኖ ወጣ። አያቴን ደስ ለማሰኘት ነው ብላ ለምክር ቤቱ መርማሪዎች አስረድታ ነበር። ዴዚ ከቀረጻው በፊት ተመልካቹ ፊት ቆሞ ተሟገተላት፤ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ስፖንሰሩም አልሸሸም። ይህን የፍትሕ ድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ የገንዘብ ድል ነው እላለሁ፤ ሔዘል ስኮትን ማስታወስ ይበቃል።

ትሪኒዳድ ተወልዳ ሃርለም ያደገችው ፒያኒስት ሔዘል፣ በ1950 በጋ በዱሞንት ጣቢያ በራሷ ስም ፕሮግራም ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነች። ባሏ የሕዝብ እንደራሴና በሃርለም የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበር፤ ስሙ የእኛን አገር የሚያነሳው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። የሔዘል ስም ኮሙኒስት ናቸው ከተባሉ አርቲስቶች ዝርዝር ሲገባ፣ ሳትጠራ ራሷ ጠይቃ የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ክሱን ካደች። በቀናት ውስጥ ፕሮግራሟ ተሰረዘ። ከዚያ ፕሮግራም ዛሬ የሚታይ አንድም ቅጂ የለም። የዱሞንት ክምችትም አብዛኛው ጠፍቷል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጭነት መኪና ተጭኖ የኒውዮርክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መደፋቱን ተዋናይቷ ኢዲ አዳምስ በ1996 መስክራለች።

የዴዚሉ ፊልም ግን መጋዘን ውስጥ በደህና ተቀምጧል። ሲቢኤስ በቀላሉ የለቀቀውን መብት መልሶ ሲገዛ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከፈለ። ባልና ሚስቱም የአርኬኦን ስቱዲዮ ገዙ፤ ሁለቱ በ1940 የተዋወቁት እዚያው ተቀጥረው ሲተውኑ ነው።

ገንዘቡ ትዳሩን አላቆየውም። ዴዚ ይጠጣ ነበር፤ ሴትም አይበቃውም። ሉሲል የፍቺ ማመልከቻዋን ያስገባችው በ1960 የመጨረሻው ትርኢት በተቀረጸ ማግሥት ነው። በ1962 ድርሻውን ገዝታ የስቱዲዮው ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ‘ስታር ትሬክ’ እና ‘ሚሽን ኢምፖሲብል’ የተጀመሩት በእሷ ዘመን ነው። በ1967 ዴዚሉን በ17 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው።