«ሸተተ» እና «አሸተተ»፦ ስለ ሽታ ተቀባይ ዘረመል ስያሜ

መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ከጓሳ ደጋ የወረደ ጦስኝ የሚገዛ ሰው «አሸተትሁት፤ ግን አልሸተተኝም» ቢል ሰሚው ግር አይለውም። የመጀመሪያው ግስ ባለቤት ሰውየው ነው፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አየር ስቧል። የሁለተኛው ባለቤት ግን ጦስኙ ነው፤ ሰውየው በ«ኝ» ብቻ ተጠቅሶ ተሳቢ ሆኗል። ልዩነቱ የቆየ ነው፤ ግእዝም «ጼነወ»ንና «አጼነወ»ን በዚሁ መንገድ ይለያል።

ይህ ነገር ለተርጓሚ ከሰዋስው ያለፈ ቁም ነገር የሆነው ከ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በአፍንጫ ውስጥ የሚገኙ ተቀባይ ፕሮቲኖችን የሚያስገኙ እጅግ ብዙ ዘረመሎች (አንዳንዶች «በራሂ» ይሏቸዋል) መኖራቸውን ገለጹ፤ በ1997 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሰው ልጅ የሚሠሩ 400 ያህል አሉት። አንድ ሞለኪውል ብዙ ተቀባዮችን ሊነካ ይችላል፤ አእምሮም ቅንጅቱን ያነባል፤ በጥቂት ፊደላት ብዙ ቃል እንደሚጻፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ከጦስኙ ተነሥቶ አፍንጫ የሚገባው ሽታ ሳይሆን እንደ ቲሞል ያለ ተናኝ ሞለኪውል ነው። ሽታው የሚገኘው ከአእምሮ ነው። የሁለቱ ሊቃውንት ጽሑፍ ርእስም የሚናገረው ሽታ ሰጪውን ነገር ስለሚቀበለው ነበር። «የሽታ ተቀባይ» የሚለው ትርጉም ይህን ያድበሰብሰዋል። «አሽታች ተቀባይ» ደግሞ የባሰ ነው፤ ፕሮቲኑ አነፍናፊ ውሻ አይደለምና። ቢረዝምም «የሽታ ሰጪ ተቀባይ» የሚለውን እመርጣለሁ።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በሕክምና ጽሑፍ ነው። ኦአር5ኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ ባለ የአንዲት ፊደል ልዩነት ምክንያት፣ ለቫዮሌት አበባ መዓዛ ከሚሰጡት አንዱ የሆነውን ቤታ አዮኖንን በደንብ የማይለዩ ሰዎች አሉ። እነዚህን «ማሽተት የማይችሉ» ማለት ስሕተት ነው። ያሸታሉ፤ ሌላውም ይሸታቸዋል፤ ይህ አንዱ ነው የማይሸታቸው። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜም «የማሽተት ችሎታ ማጣት» የሚለው ሐረግ ተሠራጭቷል። አንድ የመንዝ ገበሬ «ማሽተት ይችላሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አፍንጫው አየር እስከሳበ ድረስ «አዎን» ሊል ይችላል። ሐኪሙ መጠየቅ ያለበት «ቡናው ይሸትዎታል?» ብሎ ነው።