ከሞረድ እስከ ሞተር፤ የጥይት ቀለህ መከርከሚያ መሣሪያ ታሪክና አመራረጥ

ከተተኮሰ ጥይት ውስጥ ለተኳሹ የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። ባሩዱ ይነዳል፤ አረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ መለኮሻዋም አንድ ጊዜ ከተመታች በኋላ አገልግሎቷ ያበቃል። ከናስ የተሠራው ቀለህ ግን ተጠርጎና ቅርጹ ተስተካክሎ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ሆኖም ቀለሁ የመጀመሪያ መጠኑን ይዞ አይቆይም፤ እየተተኮሰና እየተሞላ በሄደ ቍጥር ይረዝማል። ርዝመቱ ከተፈቀደለት ወሰን በጥቂት የሚሊሜትር ክፍልፋይ ካለፈ ደግሞ አደጋው ከተኳሹ ፊት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትርፍ ናስ ለመቍረጥ ከሞረድ እስከ ኤሌክትሪክ ሞተር የተደረገውን ጉዞ ባጭሩ መተረክና፣ በሞተር የሚሠራ መከርከሚያ የሚመርጥ ሰው ምንን ማየት እንደሚገባው ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቀለህ እንደገና የሚሞላ ዕቃ የሆነበት ዘመን

በመቀመጫው መካከል መለኮሻ ያለው ጥይት መልክ የያዘው በ1860ዎቹ ነው። አሜሪካዊው ሂራም በርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር በዚያ ዘመን ሁለት የተለያዩ መለኮሻዎችን አወጡ። በበርዳን አሠራር መለኮሻው ተመትቶ የሚያርፍበት ጉብታ የቀለሁ አካል ሲሆን፣ እሳት የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። በቦክሰር አሠራር ግን ጉብታው ከመለኮሻው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በቀለሁ መካከል አንድ ቀዳዳ ይበቃል፤ ስለዚህ ያገለገለውን መለኮሻ በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። የታሪክ ነገር ሆኖ የአሜሪካዊው ፈጠራ በአውሮፓ ሲስፋፋ የእንግሊዛዊው በአሜሪካ ሰፈነ። ጥይትን በግል መሙላት በአሜሪካ ሥር ሊሰድ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 ዓ.ም. የተቀበለው ባለ .45-70 ጥይት ቀለህ በ1880ዎቹ በየጦር ሰፈሩ ለዒላማ ልምምድ እንደገና ይሞላ ነበር። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ባርሎ የተባለ ሰው በኮነቲከት፣ በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ እንደ ጕጠት በእጅ የሚጨበጥ የመሙያ መሣሪያ ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ። በዚያው ዘመን በሀገራችንም ጥይት ምን ያህል ክቡር ዕቃ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ የሰየመው የፈረንሳዮች የግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

ጢስ አልባው ባሩድና አዲሱ ችግር

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ዓ.ም. ጢስ አልባ ባሩድ ከሠራና በ1886 ዓ.ም. የለበል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ከወጣ በኋላ የጥይት ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ። ጥቍሩ ባሩድ የሚያመነጨው ግፊት መጠነኛ ነበር። ልዩነቱን ለማሳየት ያህል፣ ዛሬ በአሜሪካ የጥይት አምራቾች መመዘኛ መሠረት ለ.45-70 የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 28,000 ፓውንድ ሲሆን፣ በ1906 ዓ.ም. ለወጣው ለ.30-06 የተፈቀደው ግን 60,000 ነው።

እንዲህ ባለው ግፊት ናሱ እንደ ሊጥ ይንቀሳቀሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥይቱ ሲተኰስ የቀለሁ ግድግዳ ተለጥጦ ከጥይት መጉረሻው ጋር ይጣበቃል። በኋላ ቀለሁን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ለመመለስ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲገፋ፣ የተጨመቀው ናስ መሄጃ የሚያገኘው ወደ ፊት፣ ወደ አንገቱ ብቻ ነው። አንገቱ ከልክ በላይ ከረዘመ አፉ ከመጉረሻው መጨረሻ ካለው ጥበት ውስጥ ይገባል፤ በዚያም አረሩን ጨምድዶ ይይዛል። በተኩስ ጊዜ አንገቱ ተከፍቶ አረሩን መልቀቅ ስለማይችል ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል።

በዚህም የተነሣ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የርዝመት ወሰን ተደነገገ። የ.30-06 ቀለህ ከ63.35 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም፤ ሲከረከምም 63.09 ያህል እንዲሆን ይደረጋል። ለ.223 ሬሚንግተን ወሰኑ 44.70፣ የመከርከሚያው ልክ 44.45 ሚሊሜትር ነው። የጉዳዩ ሁሉ ስፋት እንግዲህ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው።

ከሞረድ ወደ ትንሹ ቶርኖ

የመጀመሪያው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር። ቀለሁ በጠንካራ ብረት በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ ከብረቱ በላይ ብቅ ያለው ናስ በሞረድ ይሞረዳል። ውጤቱ አስተማማኝ ነው፤ ሥራው ግን አድካሚ ነው። ቀጥሎ የመጣው በጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቶርኖ ሲሆን፣ ቀለሁ በአንድ በኩል ተይዞ ስለቱ በእጅ ይዞራል። በ1958 ዓ.ም. ርካሽ የመሙያ መሣሪያውን ያወጣው ሪቻርድ ሊ ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አቀረበ። በስለቱ መካከል የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ በመለኮሻው ቀዳዳ በኩል እስከ መያዣው ይደርሳል፤ ርዝመቱን የሚወስነው ይህ ዘንግ ነው፤ ተኳሹም ልክ ማስተካከል አያሻውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በግል የሚሞላው ጥይት በረከተ። በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚወዳደሩ ተኳሾች በአንድ የውድድር ወቅት በሺሕ የሚቈጠር ቀለህ ማዘጋጀት ሲኖርባቸው የእጅ መዘውሩ ጣትን ማሳመም ጀመረ። ሞተር የተጠራው ለዚህ ነው።

ሦስቱ የሞተር ዘዴዎች

ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት በሞተር የሚሠሩ መከርከሚያዎች ብዙ ቢመስሉም፣ ርዝመትን ከየት ተነሥተው እንደሚለኩ በማየት በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወገን የዱሮውን ትንሽ ቶርኖ በሞተር ወይም በትራፓኖ የሚያዞረው ነው። ልኩን የሚነሣው ከቀለሁ መቀመጫ ስለሆነ በመርሕ ረገድ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን መያዣው የቀለሁን ጠርዝ የሚጨብጥ ከሆነ፣ ጠመንጃው ቀለሁን ሲያወጣ የጐበጠ ወይም የተቧጠጠ ጠርዝ ልኩን ያዛባል።

ሁለተኛው ወገን ቀለሁን በትከሻው አስደግፎ የሚቈርጠው ነው። የጂሮ ድርጅት መሣሪያ የዚህ ምሳሌ ነው። ተኳሹ ቀለሁን በእጁ ይዞ ወደ መያዣው ይገፋል፤ ስለቱ በአንድ ጊዜ አፉን ይቈርጣል፣ ውስጡንና ውጭውንም ይሞርዳል። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ልኩ የሚነሣው ከትከሻው በመሆኑ፣ ቅርጽ በማውጣት ጊዜ ትከሻው አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከነበረ ጠቅላላ ርዝመቱም በዚያው መጠን ይለያያል። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ የቀለህ ቤተሰብ የራሱ መያዣ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በመሙያ ማተሚያው ራስ ላይ የሚታሰረው ነው። የዲሎን ድርጅት መሣሪያ ቀለሁ ቅርጹን ሲይዝ በዚያው ቅጽበት ርዝመቱን ይቈርጣል፤ ፍርፋሪውንም በመምጠጫ ያነሣል። ለብዛት ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። ግን አፉን ስለማይሞርድ የቀረውን ስለት መሰል ናስ በሌላ ሥራ ማጥፋት፣ አንገቱንም እንደገና ማስፋት ይጠይቃል።

ምርጫው

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? በዓመት ጥቂት መቶ ቀለህ የሚያዘጋጅ ሰው ሞተር ባይገዛም አይጐዳም፤ ቢገዛም የመጀመሪያው ወገን ይበቃዋል። የተለያዩ የጥይት ዓይነቶችን ለሚሞላም የሚስማማው ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ቀለህ በሺሕ ለሚያዘጋጅ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ማተሚያው ተከታታይ ሥራ ለሚሠራለት ሦስተኛው። በሁሉም ዘንድ ግን ሥርዐቱ አንድ ነው። ከሁለት በአንዱ ካልሆነ በቀር፣ ማለትም መሣሪያው ራሱ ቅርጽ እያወጣ የሚቈርጥ ካልሆነ፣ አስቀድሞ ቅርጹ ይውጣ፤ ከዚያ ይከርከም። መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ቢቻል አሥር ቀለህ ተከርክሞበት እያንዳንዱ በካሊፐር ይለካ። ሻጩ ከሚናገረው ፍጥነት ይልቅ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት ስለ መሣሪያው ብዙ ይመሰክራል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፈው ትምህርት ከጥይት አልፎ ይሄዳል። በሞረድ የሚሠራ ሰው ሲሳሳት የሚያበላሸው አንድ ቀለህ ነው፤ ስሕተቱንም በሁለተኛው ላይ ያያል። ሞተር ግን የተሳሳተውን ልክ ሳይታክት በሺሕ ቀለህ ላይ ይደግመዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሆኑም ዓይን አይጠረጥራቸውም። ስለዚህ ማንኛውንም የመቍረጫ ማሽን የሚመርጥ ባለሙያ ስንት በደቂቃ ይቈርጣል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ልኩን የሚነሣው ከየት ነው ብሎ ይጠይቅ።