ጋሊሊዮና ካሲኒ ለምን ተቃጠሉ?

የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 ጋሊሊዮ የተባለችውን መንኮራኩር ሆን ብሎ ወደ ጁፒተር ከባቢ አየር አስገብቶ አቃጠላት። በሰከንድ 48 ኪሎ ሜትር ያህል እየተምዘገዘገች ገብታ እንዳልነበረች ሆነች። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017፣ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩርም በሳተርን ተመሳሳይ ፍጻሜ ገጠማት። ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው ሁለቱም አርጅተው የተጣሉ ይመስላል። ታሪኩን ለመረመረ ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ መንኮራኩሮቹ የጠፉት ራሳቸው ያገኙትን ነገር ከራሳቸው ለመጠበቅ ነው። ያን ያህል ባያገኙ ኖሮ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ባላስፈለጋቸው ነበር።

የጉዳዩ ሥር በ1967 ከተፈረመው የጠፈር ስምምነት ይመዘዛል። የስምምነቱ ዘጠነኛ አንቀጽ አገሮች ሌሎች ዓለማትን ሲያጠኑ ጎጂ ብክለት እንዳያደርሱ ያስገድዳል። በ1975 ወደ ማርስ የተላኩት የቫይኪንግ አራፊ መንኮራኩሮች ከመምጠቃቸው በፊት ለብዙ ሰዓታት በከፍተኛ ሙቀት ከተህዋሲያን እንዲጸዱ የተደረገው በዚሁ መንፈስ ነበር። በ1989 ለመጠቀችው ጋሊሊዮ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አልተደረገም። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ በሆነችው በዩሮፓ በረዶ ሥር ውሃ ይኖራል የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ከ1979ኙ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ፎቶግራፎች የመነጨ ግምት ብቻ ነበርና። ጋሊሊዮ ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ ጁፒተርን እየዞረች የለካችው የመግነጢስ መስክ ግምቱን አጠናከረው፤ ከበረዶው በታች ጨዋማ ውቅያኖስ መኖሩን አመለከተ። ውሃ ባለበት ሕይወት ሊኖር ይችላል። ነዳጇ ያለቀ መንኮራኩር ደግሞ የሚመራት የለም፤ የጁፒተርና የጨረቃዎቹ ስበት ምህዋሯን እየቀየረ አንድ ቀን ከዩሮፓ ጋር ሊያላትማት ይችል ነበር። ስለዚህ ነዳጁ ጨርሶ ሳይሟጠጥ ጉዞዋ ወደ ጁፒተር እንዲያቀና ተደረገ።

የካሲኒ ታሪክም ያንኑ መንገድ ተከትሏል። በ2004 ሳተርን ደረሰች፤ በማግስቱ ዓመት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ካላት ከሳተርን ጨረቃ ከኢንሴላደስ ደቡባዊ ዋልታ የውሃ ተንና የበረዶ ቅንጣት ወደ ጠፈር ሲፈናጠር አገኘች። በሚፈናጠረው ውስጥ ቆይቶ ጨው፣ ካርቦን ያላቸው ውህዶችና ሃይድሮጅን ተገኙ። ከዚህ በኋላ መንኮራኩሯን ለዕጣ ፈንታዋ መተው አይቻልም ነበር። የተመረጠው ፍጻሜም ለምርምር የራሱን ፍሬ ሰጠ። ካሲኒ ከመጥፋቷ በፊት ማንም ባልገባበት፣ በሳተርንና በቀለበቶቹ መካከል 22 ጊዜ ዞረች፤ በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ አንቴናዋን ወደ መሬት እንዳዞረች የከባቢ አየሩን ስብጥር እየለካች መረጃ ላከች።

በዚህ ውሳኔ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ሊናቁ አይገባም። አንደኛው፣ ከምድር የሄዱ ተህዋሲያን በጠፈር ቅዝቃዜና በጁፒተር ጨረር ያልቃሉ የሚል ነው። አብዛኞቹ ሊያልቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን በመሣሪያ ውስጥ የተሸሸጉ ጽኑ ተህዋሲያን ሁሉ እንደሚጠፉ ዋስትና የለም። ሁለቱም መንኮራኩሮች ኃይል የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነበር፤ ያ ሙቀት በረዶ ሊያቀልጥ ይችላል። ሁለተኛው፣ ግዙፎቹን ፕላኔቶችስ መበከል ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። ጁፒተርና ሳተርን የሚታረፍበት መሬት የላቸውም፤ በዚያ ፍጥነት የገባ አካል በግጭቱ ሙቀት ይበጣጠሳል፣ ቅሪቱም ወደ ውስጥ በሰመጠ ቁጥር በሚበረታው ግፊትና ሙቀት ይጠፋል። ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ከካሲኒ ጋር የተጓዘችው አራፊ መንኮራኩር ሁይገንስ በ2005 በሌላዋ የሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ አርፋ እስካሁን እዚያው አለች፤ ታዲያ ለኢንሴላደስ የተደረገው ጥንቃቄ ለታይታን ለምን ቀረ? መልሱ አደጋው እኩል አለመሆኑ ነው። የታይታን ገጽ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ውሃዋም በወፍራም በረዶ ሥር ነው። የኢንሴላደስ ውሃ ግን በስንጥቆች በኩል ወደ ውጭ ይወጣል።

ስለዚህ መርሁ መንኮራኩርን ሁልጊዜ በግዙፍ ፕላኔት ውስጥ ማቃጠል አይደለም። በ2023 የመጠቀችው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት መንኮራኩር ጁስ ጉዞዋን በጁፒተር ጨረቃ በጋኒሜድ ገጽ ላይ እንድትጨርስ ታቅዷል፤ የጋኒሜድ ውቅያኖስ እጅግ ወፍራም በሆነ በረዶ ሥር እንዳለ ይታመናልና። ዋናው መርህ ሳያውቁ አለመድፈር ነው። አንድ ዓለም አንዴ በምድር ተህዋሲያን ከተበከለ፣ በዚያ የሚገኘው ሕይወት የራሱ ይሁን ከእኛ የሄደ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ጥፋቱም አይታረምም። ስለዚህ መንኮራኩር የሚልኩ አገሮች ሁሉ የመድረሻዋን ያህል የፍጻሜዋንም ቦታ ከመምጠቋ በፊት ሊወስኑ ይገባል፤ አዲስ ግኝት ሲመጣም ውሳኔያቸውን ለመለወጥ ዝግጁ ይሁኑ።