ከዛፍ ጥላ እስከ አዳራሽ፤ የሐርጌሳ አረጋውያን መሰብሰቢያ ታሪክ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው አፍ የተለመደ ነው። ስለ በሬና ስለ በቅሎ ቢነገር ያስኬድ ይሆናል፤ ስለ ሰው የተነገረ እንደ ሆነ ግን ታሪክ የማይመሰክርለት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ማስረጃ የምትሆን አንዲት ከተማ ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ወሰን ማዶ፤ ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ለሚሄድ መንገደኛ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ አለች፤ ይኸችውም ሐርጌሳ ናት። በዚህች ከተማ አረጋውያን ከጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፤ በጠጠር ሲጫወቱና ወሬ ሲለዋወጡ የሚያይ እንግዳ ሥራ የፈቱ ሰዎች መስለው ይታዩታል። ነገር ግን መሣሪያ የታጠቀ ኃይል ሊያስገኘው ያልቻለውን ሰላም ያስገኘው ይኸው አብሮ መቀመጥ መሆኑን ዘመን ገልጦታል።

ሐርጌሳ መንታ ከሆኑት የናሳ ሐብሎድ ኮረብታዎች በስተደቡብ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሼክ መደር የተባሉት የቃዲሪያ መምህር ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ሰፍረውባት የመንደርነት መሠረት ጣሉላት። በ1933 ዓ. ም. ኢጣልያኖች ከአካባቢው ከተባረሩ በኋላ እንግሊዞች የአስተዳደራቸውን መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አዛወሩ። ቢሮና ፍርድ ቤት ከመሠራታቸው አስቀድሞ ግን የሕዝቡ አደባባይ ዛፍ ነበረ። ሱማሌዎች ሔር ብለው የሚጠሩት የአባቶች ሕግ የደም ካሣውን፤ የግጦሹንና የውሃውን ተራ፤ የጋብቻውንም ሥርዓት የሚደነግግ ሲሆን፤ በጽሑፍ የሰፈረ አልነበረም። ሱማልኛ በላቲን ፊደል የመንግሥት መጻፊያ ቋንቋ ሆኖ የታወጀው በጥቅምት ወር 1965 ዓ. ም. ስለ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የሕጉ መዝገብ የሽማግሎች ልብ ነበረ። ስለዚህ ሽማግሎች ዘወትር ተገናኝተው መነጋገራቸው የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፤ ሕጉ እንዳይረሳና እንዳይዛባ እርስ በርስ የሚተራረሙበት ትምህርት ቤት ነበረ።

ከዚህ ሸንጎ ጎን ለጎን ጨዋታ አይጠፋም። ከጨዋታዎቹም ሁሉ የታወቀው ሻሕ ይባላል። በመሬት ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት አራት ማዕዘኖች ይሠመሩና በመስመር ይያያዛሉ፤ 24 የጠጠር ስፍራም ይገኛል። ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር ይዘው በየተራ ይደረድራሉ፤ ሦስቱን ጠጠር በአንድ መስመር ያሰለፈ የተቃራኒውን አንድ ጠጠር ያነሣል። የጨዋታው ልዩ ጠባይ ግን ይህ ነው፤ ጠጠሩ ሁሉ ተደርድሮ ባለቀ ጊዜ ባዶ ስፍራ ስለማይገኝ ማንም ሊንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው እንዲቀጥል ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጠጠር መነሣት አለበት። ሁለቱም ሳይጎድልባቸው መንገድ አይከፈትም። ዙሪያውን የቆመው ተመልካች ደግሞ ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፤ ይገሥጻል፤ ይስቃል። ይህን ጨዋታ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተ ሰው ክርክርን በትዕግሥት መያዝ ቢያውቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሴቶች አረጋውያን መሰብሰቢያ ከወንዶቹ የተለየ ነበረ። ወጣቶች ኤዶ እያሉ በአክብሮት የሚጠሯቸው እናቶች በቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ሲታድ በተባለው መንፈሳዊ ጉባኤያቸው ዕጣን እያጤሱ ሔዋንንና የነቢዩን ቤተ ሰብ ሴቶች በዜማ ያወድሳሉ፤ ቡራንቡር በተባለው የሴቶች ቅኔ ደስታቸውንና ቅሬታቸውን ይገልጣሉ፤ ሐግባድ በተባለው፤ ከኢትዮጵያ ዕቁብ ጋር በሚመሳሰለው ማኅበራቸውም ገንዘብ እያዋጡ በየተራ ይረዳዳሉ። የወንዶቹ ሸንጎ በአደባባይ ስለሚታይ ታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት የጻፉት ስለ እርሱ ነው፤ ሆኖም የእናቶቹ ጉባኤ በጥቅም ከእርሱ የሚያንስ አልነበረም።

ከተማዪቱ እያደገች በሄደች ጊዜ የዛፉን ጥላ የሻይ ቤት ጥላ ተከተለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሐርጌሳ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በ1949 ዓ. ም. ደግሞ ከሎንዶን የቢ. ቢ. ሲ. የሱማልኛ ክፍል ማሰራጨት ጀመረ። ወተት የገባበት ሻይ ይዞ ራዲዮ ማዳመጥና ከዚያ በኋላ ስለ ሰሙት ነገር መከራከር የአረጋውያን የዕለት ልማድ ሆነ። ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ. ም. ነፃነት በታወጀ ጊዜና ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር አንድነት በተፈጸመ ጊዜ፤ ጉዳዩ በየሻይ ቤቱ የሚመረመር ሆኖ ነበር።

በ1962 ዓ. ም. ጄኔራል ሲያድ ባሬ ሥልጣን ከያዙ በኋላ መንግሥት የጎሣን ሥርዓት አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ። የሽማግሎችን የማዕርግ ስም ለውጦ ነባዶን፤ ማለት የሰላም ሰው፤ ብሎ ሰየማቸውና የመንግሥት ተከፋይ አደረጋቸው። በየሰፈሩም የሕዝብ ማንቂያ ማዕከል የተባለ አዳራሽ እየሠራ ስብሰባውም፤ ዘፈኑም፤ ሠርጉም ሳይቀር በዚያ እንዲደረግ አዘዘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አዳራሹ ጣራና ወንበር የተሟላለት ሲሆን፤ ዛፉ አንዱም አልነበረውም፤ ነገር ግን በአዳራሹ ሕዝቡ የሚሰማ እንጂ የሚናገር አልነበረም። በዛፉ ሥር ያለው አረጋዊ በፈቃዱ መጥቶ፤ የልቡን ተናግሮ፤ በፈቃዱ ይነሣ ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ ሲወድቅ አዳራሹ ዐብሮት ወደቀ፤ ዛፉ ግን ቀረ።

በግንቦት ወር 1980 ዓ. ም. የሱማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርዖንና ሐርጌሳን ባጠቁ ጊዜ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። ከተማዪቱ አብዛኛው ቤቷ ፈረሰ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሰውም አለቀ፤ የተረፈው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ በሐርታ ሼክ የተተከለው ሰፈር ወደ 250 ሺሕ የሚጠጋ ስደተኛ ያስጠለለና በዘመኑ በዓለም ከነበሩት የስደተኞች ሰፈሮች ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቈጠር ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ. ም. ነው። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ፤ ከፕላስቲክና ከጨርቅ በተሠራ ጎጆ መካከል፤ ሽማግሎች እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። እርዳታውን ለማከፋፈል፤ ጠብን ለማብረድ፤ ለትግሉም ስንቅና ሰው ለማሰባሰብ የሚመክረው ጉርቲ የተባለው የሽማግሎች ጉባኤ በእነዚህ ዓመታት ጠነከረ። ከተማቸውን ያጡ ሰዎች የመሰብሰብ ልማዳቸውን ግን ይዘው ወጥተው ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ. ም. በቡርዖ ጉባኤ የሱማሌላንድ ነፃነት ታወጀ። ነገር ግን መሣሪያ በየእጁ የቀረ ሕዝብ ብዙም ሳይቈይ እርስ በርሱ ይዋጋ ጀመር። በዚህ ጊዜ ሽማግሎች እንደገና ተነሡ። በጥር ወር 1985 ዓ. ም. በቦረማ ከተማ ከየጎሣው የተውጣጡ 150 ድምፅ ሰጪ ሽማግሎች ተሰብስበው ለአራት ወር ያህል መከሩ። የከተማው ሕዝብ እንግዶቹን አስተናገደ፤ ገጣሚዎች ግጥም አሰሙ፤ በጉባኤው ያልተፈታው ነገር ማታ በሻይና በጫት ላይ ይፈታ ነበር። ዕርቅ ደም ያደርቅ እንደሚባለው፤ የሰላም ቃል ኪዳንና የመንግሥት መተዳደሪያ ጽፈው በሚያዝያ ወር መጨረሻ መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን ርእሰ ብሔር አድርገው መረጡ። በዚያው መተዳደሪያ የሽማግሎች ምክር ቤት ከሕግ አውጪው ክፍል አንዱ ሆኖ ቆመ። እንደ ሻሕ ጨዋታ ሁሉ፤ እያንዳንዱ ወገን አንዳንድ ነገር ሳይጎድልበት መንገዱ አልተከፈተም።

ይህ ሁሉ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ከ1987 ዓ. ም. ጀምሮ ሐርጌሳ እንደገና የጦር ሜዳ ሆና ነበርና፤ ሰላሙ የጸናው በ1989 ዓ. ም. በራሷ በሐርጌሳ በተደረገው ሌላ ታላቅ ጉባኤ ነው። በቦረማ ለሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አልተሰጣቸውም፤ በጦርነቱ ባልና ልጅ የቀበሩት እናቶች ውሳኔውን ከዳር ሆነው ጠበቁ። የሽማግሎቹ ምክር ቤትም ወደ ከተማ አዳራሽ ከገባ ወዲህ የአባላቱ የሥራ ዘመን በተደጋጋሚ እየተራዘመ፤ የሞተውንም ሰው ወንበር ዘመዱ እየወረሰው፤ ከሕዝቡ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ከዛፉ ሥር ሽማግሌን ሽማግሌ የሚያሰኘው የሰው አመኔታ ነበረ፤ ወንበር ግን ያለ አመኔታም ሊያስቀምጥ ይችላል።

ሐርጌሳ ዳግመኛ በተሠራች ጊዜ የመሰብሰቢያው ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። ከ2000 ዓ. ም. ጀምሮ በየዓመቱ የመጻሕፍት ትርዒት ይደረግባታል፤ እ. ኤ. አ. በ2014 ደግሞ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ተከፈተ። በማዕከሉ ከተሰበሰቡት ንብረቶች አንዱ ከ10 ሺሕ በላይ የሚሆን የድሮ ካሴት ነው፤ ዘፈን፤ ግጥም፤ ቲያትርና የቤተ ሰብ የድምፅ ደብዳቤ የተቀዳበት ነው። በስደት ፈረንሳይ አገር የኖረችው ዘፋኝ ሣሕራ ሐልጋን ወደ አገሯ ተመልሳ ሒዶ ዳውር የተባለውን፤ ትርጓሜው ባህልን ጠብቅ የሚሆነውን፤ የምግብና የዜማ ቤት አቋቋመች። በእነዚህ ስፍራዎች ወጣቱና አረጋዊው በአንድ ጣራ ሥር ይገናኛሉ። ስም ያልተጻፈበት ካሴት በተከፈተ ጊዜ የገጣሚውን ድምፅ ለይቶ ይህ እገሌ ነው ብሎ የሚናገር፤ ግጥሙም ስለምን እንደ ተገጠመ የሚያስረዳ በዘመኑ የነበረ ሰው ብቻ ነውና።

ሽርሽርም ቢሆን በዚህ ባህል የራሱ ትርጕም አለው። ሽማግሎች ተሰብስበው የሚወጡበት የታወቀው ጉዞ ኤርጎ፤ ማለት ለማስታረቅ የሚላክ ልዑክ ነው። ሐድራዊ በሚል ስም የታወቀው ገጣሚ መሐመድ ኢብራሂም ዋርሰሜ እ. ኤ. አ. በ2003፤ ዕድሜው 60 ገደማ ሲሆን፤ ወደ ደቡብ ሱማሌ የሰላም ጉዞ ያደረገው ይህን ልማድ በመከተል ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር የተረዳው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ለአረጋውያን ብቻ የተቋቋመው የመጀመሪያው የመዋያ ማዕከል እ. ኤ. አ. በ1943 በኒው ዮርክ ከተማ የተከፈተው የዊልያም ሆድሰን ማዕከል ነው። ለመከፈቱም ምክንያት የሆነው፤ አረጋውያን ወደ እርዳታ መሥሪያ ቤት ሲመጡ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያነጋግራቸው ሰው እንደሚፈልጉ ሠራተኞቹ ማስተዋላቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ. ኤ. አ. በ1982 በቪየና ስለ እርጅና ታላቅ ጉባኤ አድርጎ፤ ኋላም በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ቀን የአረጋውያን ቀን እንዲሆን ወሰነ። በኢትዮጵያም የዋርካው ሥር ሽምግልና፤ ሰንበቴውና ዕድሩ አረጋዊውን ከቤቱ የሚያወጡ የቆዩ ሥርዓቶች ናቸው። ዘመድ የሌላቸውን አረጋውያን የሚያስጠልሉ እንደ መቄዶንያ ያሉ ድርጅቶች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም ዳቦና አልጋ የሰውን ሥጋ ያቆያሉ እንጂ፤ የሚሰማው ጆሮ እስካላገኘ ድረስ የአረጋዊው ሰውነት ሙሉ አይሆንም።

ዛሬ በሐርጌሳ ሰፈሮች፤ ለምሳሌም የንቅናቄው አዛዥ በነበረው በኮሎኔል ኢብራሂም ኮድቡር ስም በተጠራው ክፍል፤ አዲስ ሕንፃ በየቀኑ ይሠራል። አጥር በበዛ ቍጥር የጋራ ጥላ ያንሳል፤ ከሐረርጌ እየተጫነ የሚገባውም ጫት የከሰዓት በኋላውን ሰዓትና የቤቱን ገንዘብ ይወስዳል። ስለዚህ ለአረጋውያን ሥፍራ የማዘጋጀት ጉዳይ ለሐርጌሳም ሆነ ለሌላ ከተማ ትርፍ ነገር አይደለም። ሥፍራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥላ፤ መቀመጫ፤ ሻይ፤ የሻሕ ሰሌዳ፤ ለእናቶችም እኩል የተከፈተ በር ይበቃዋል። ከትምህርት በኋላ ባዶውን የሚውል የትምህርት ቤት አዳራሽ በየከተማው ይገኛል፤ በዚያ የሚቀመጡ አረጋውያን የሚናገሩትን የሚጽፉ ተማሪዎችም አይጠፉም። ከሐርጌሳ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ አዳራሹን መሥራት ቀላል ነው፤ ከዛፉ ሥር የነበረውን የመናገር ነፃነትና የመደማመጥ ልማድ ወደ አዳራሹ ይዞ መግባት ግን የአስተዋይ ሕዝብ ሥራ ነው።