ሰውና የሚወደው ሸክላ፤ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ዘፈን አልበም በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ

«አልበም» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሚጠበቅበት መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ዘፋኝ በአንድነት ያወጣቸው ዘፈኖች ስብስብ ነው። ይህ መደራረብ በአማርኛ የተፈጠረ አይደለም። ቃሉ በላቲን «ነጭ» ማለት ሲሆን በኋላ ባዶ ገጽ ላለው መጽሐፍ መጠሪያ ሆነ። የቀድሞው ሸክላ በአንድ ገጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዝ ስለ ነበረ ረዥም ዜማ ለመቅረጽ ብዙ ሸክላ ያስፈልግ ነበር። በ1909 ኦዴዎን የተባለው ኩባንያ አንዱን የቻይኮቭስኪ ሥራ በአራት ሸክላዎች ከፍሎ በአንድ መያዣ ሸጠው። እንዲህ ያሉት መያዣዎች በኋላ እንደ ፎቶግራፍ መጽሐፍ እየተጠረዙ ስለ ወጡ ስሙም ከፎቶግራፉ ወደ ዘፈኑ ተላለፈ። በ1948 ኮሎምቢያ ረዥም ዜማ በአንድ ሸክላ የሚይዘውን አዲስ ዐይነት ካወጣ በኋላ መያዣው ሲቀር ስሙ ግን ቀረልን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለቱ አልበሞች እንደ ገና የሚገናኙበትን ስፍራ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከሚወደው ሸክላ ወይም ካሴት ጋራ የሚነሣው ፎቶግራፍ ነው። ለማስረዳት የምንሞክረውም እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በሌላ መንገድ የማይገኝ የታሪክ ማስረጃ መሆኑን ነው። ለምሳሌ የወሰድነው መካነ ሰላምንና የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ በአቀስታ በኩል በሚያልፈው መንገድ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወዲያ ደጋው ወደ ዐባይ በረሓ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ይህ አገር ለዜማና ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበሩት ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ስማቸው የሚጠራው በጋሥጫ ነው፤ የሰዓታቱ ድርሰታቸውም እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይዜማል። በእስልምናው በኩል ወሎ የመንዙማ አገር ነው። በዘፈኑም በኩል አገራችን ከምትታወቅባቸው ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ስለዚህ የወሎ ስም በብዙ ሸክላና ካሴት ልባስ ላይ ታትሞ ዓለምን ዞሮአል፤ ሸክላውን ያደመጠው የወሎ ሰው ግን በልባሱ ላይ የለም።

ድምፅን የመቅረጽ ታሪክ በኢትዮጵያ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ ተቀርጾ ለመጣላቸው ቃል በ1899 በዚያው መሣሪያ መልስ ሰጥተዋል። በ1908 ደግሞ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የዚያ ዘመን ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነበር። የአማርኛው ስም በድምፁ ከዚህ ቃል ጋራ መቀራረቡ፣ ነገሩም እንደ ሸክላ ዕቃ ተሰባሪ መሆኑ፣ ሁለቱ ተረዳድተው ስሙን ያጸኑት ይመስላል። በኋላ በማይሰበር ፕላስቲክ ሲተካ እንኳ ስሙ አልተለወጠም።

ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ዐምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ክልከላ አልፎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ረዣዥም ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ ዐብደላ ካይፋም ተከተለው። ነገር ግን ሸክላ ማጫወቻው ውድና ለማንቀሳቀስ የማይመች ስለ ነበረ ዘፈኑ በደጋው ገጠር የተሰማው በሸክላ ሳይሆን ይልቁን በራዲዮ ነው። ሁኔታውን የለወጠው ካሴት ነው። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ይህ ትንሽ ዕቃ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ሸክላን ተካ። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ወዳልገባበት መንደር ገባ። ስለዚህ እንደ መካነ ሰላም ባለው አገር አልበም ማለት ካሴት ነው፤ ሕዝቡም ዘፋኙ «አልበም አወጣ» ከማለት ይልቅ «ካሴት አወጣ» ማለትን ለመደ።

ካሴት ከሸክላ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ሸክላ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይኖራል፤ ካሴት ግን ከባለቤቱ እጅ ብዙ ነገር ይቀበላል። ከሙዚቃ ቤት ይገለበጣል፤ የዘፈኑ ስም በእጅ ይጻፍበታል። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል። እንዳይጠፋ በጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎች ይሰበራሉ፤ ሌላ ሊቀረጽበት ሲፈለግ ደግሞ ቀዳዳው በፕላስተር ይሸፈናል። በዘፈን ላይ መዝሙር ወይም መንዙማ፣ አልፎም ለሩቅ ዘመድ የሚላክ የቃል ደብዳቤ የተቀረጸበት ካሴት አለ። እንግዲህ ለታሪክ ጸሓፊ አንድ ያረጀ ካሴት ተፍቆ እንደ ገና የተጻፈበት ብራና ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ። የሰው መልክ ከሚወደው ነገር ጋራ መታየቱ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በጣና ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ናቸው። በለቅሶም ጊዜ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ እየታየ ሙሾ ይወርዳል፤ ፎቶግራፍ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፎቶግራፉ ተጨመረ። ስለዚህ መልክ፣ ዕቃና ዜማ በአንድነት ሰውን የሚያስታውሱበት ሥርዐት ከካሴት አስቀድሞ ነበር።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ የተነሺውን ፈቃድ አይገልጽም። ከዚሁ ከወሎ ደጋ የተወሰደ አንድ ከባድ ምሳሌ አለ። በ1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዋይት ደሴት በታዋቂዋ ባለ ፎቶግራፍ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነሣ። መልኩ በጥሩ ጥበብ ተይዞአል። ነገር ግን የሚለብሰውን፣ የሚይዘውንና የሚቀመጥበትን የመረጡለት ሌሎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። ዓለማየሁ በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ ፎቶግራፉ ዛሬም ይታያል፤ እርሱ ራሱ የወደደው ነገር ምን እንደ ነበረ ግን ፎቶግራፉ አይነግረንም።

በአዲስ አበባ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ለቤተ መንግሥት ሲያነሡ ቆዩ። ቆይቶ ፎቶ ቤት በየአውራጃው ከተማ ተከፈተ። በቀለም የተሣለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በጠረጴዛ ላይም ራዲዮ ወይም ቴፕ፤ ይህ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የሚታይ የታወቀ አቀማመጥ ነው። ለተመራማሪ ግን ችግር ያመጣል። ቴፑ የተነሺው ይሁን ወይም ለማሳመሪያ የተቀመጠ የፎቶ ቤቱ ዕቃ ይሁን ከፎቶግራፉ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የባለቤቱ ቃል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የብራና መጻሕፍት ሥርዐት ይረዳናል። የግዕዝ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ይናገራል፤ የሚሰርቀውንም ያወግዛል። የታሪክ ሰዎች ከመጽሐፉ ዋና ቃል ባላነሰ ይህን ጽሑፍ ይመረምራሉ፤ መጽሐፉ በየት ቦታና በማን ዘንድ እንደ ኖረ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። ሸክላና ካሴት ግን የዘፋኙንና የአሳታሚውን ስም ይነግሩናል እንጂ የባለቤቱን አይነግሩንም። ሰው የወደደውን ካሴት በእጁ ይዞ፣ ቃሉም አብሮ ተጽፎ የሚነሣው ፎቶግራፍ ይህን የጐደለ ቅጠል ይተካል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው።

በሌላ አገር ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቶአል። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ማሊክ ሲዲቤ በ1960ዎቹ በየግብዣው እየዞረ ወጣቶቹን ከያዙት ሸክላ ጋራ ያነሣ ነበር፤ በ1965 ያነሣው የጄምስ ብራውን ወዳጆች ፎቶግራፍ የታወቀ ነው። በ2007 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተሰጥቶታል። በኛ ዘመን ደግሞ ኤሎን ፓዝ የተባለው ባለ ፎቶግራፍ ሸክላ ሰብሳቢዎችን በየቤታቸው አንሥቶ በ2014 መጽሐፍ አወጣ። ሁለቱ ይለያያሉ። ሲዲቤ ያነሣው የዘመኑን ደስታ ነው፤ ፓዝ ያነሣው የሰብሳቢነትን ፍቅር ነው። ሰብሳቢ ብርቅና ያልተነካ ሸክላ ይፈልጋል። ካሴቱን የወደደ የገጠር ሰው ግን ብዙ ስላደመጠው አስረጅቶታል። ስለዚህ በሰብሳቢው ሚዛን ዋጋ የሌለው ካሴት በታሪክ ሚዛን ከሁሉ የከበረ ሊሆን ይችላል። በቤተ መዛግብት ምርጫ ጊዜ አስቀድሞ የሚጣለውም እርሱ ነው።

ስለ ዘፈኑ ያሰጋን የነበረው መጥፋቱ ነበር፤ ይህ ሥጋት በከፊል ተቃሎአል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪስ ባወጡት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ የቀድሞዎቹ ሸክላዎች እንደ ገና ተሰምተዋል፤ በ2001 በአዲስ አበባ የታተመው መጽሐፋቸውም የሙዚቀኞቹን ፎቶግራፍ ሰብስቦአል። በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ደግሞ የከተማውን ነዋሪዎች የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች አሳይቶአል። ከዐባይ ማዶም በባሕር ዳር አንድ የውጭ አገር ሰው የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው፤ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረውም ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም በዚህ ታሪክ ዘፋኙ አለ፤ አሳታሚው አለ፤ አግኚውም አለ። ካሴቱ በባሕር ዳር እስኪገኝ ድረስ እንዲህ ያሉትን ካሴቶች ጠብቀው ያቈዩት አድማጮች ግን አልተነገሩም።

በደቡብ ወሎ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው። የ1984ና የ1985 ረኃብ፣ እርሱንም የተከተለው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል የተደረገው ሰፈራ ብዙ ቤተ ሰብ ከዕቃው ጋራ በትኖአል፤ የ2021 ጦርነትም ሌላ መፈናቀል አመጣ። በዚህ መካከል የተረፈ ካሴት ቢገኝ ምክንያት አለው፤ አንድ ሰው ይተርፍ ዘንድ መርጦታል። ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ካሴቱ ከሰውየው ይልቅ ቢቈይ ድምፁን እናገኛለን፤ ምርጫውን ግን አናገኝም።

ስለዚህ ሥራው እንዴት ይሠራ ዘንድ እንደሚገባ ጥቂት እንናገር። በመጀመሪያ፣ ስፍራውንና ካሴቱን የሚመርጠው ተነሺው እንጂ አንሺው አይሁን፤ የዓለማየሁ ፎቶግራፍ ያስተማረን ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ካሴቱ ለብቻው በሁለት ገጹና በጀርባው ይነሣ፤ የእጅ ጽሑፉ፣ የተሰበረው መዝጊያ፣ የተለጠፈው ፕላስተር ሁሉ ይታይ። ሦስተኛ፣ ቃሉ በራሱ በተናጋሪው አነጋገር ይጻፍ፤ ከየት እንደ ተገዛ ወይም እንደ ተገለበጠ፣ ማን አብሮ እንዳደመጠ፣ መቼ መደመጡ እንደ ቀረ ይጠየቅ። አራተኛ፣ የገዛውና የወደደው ሰው ልዩ ልዩ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ። ካሴቱን ወንድም ወይም ባል ገዝቶት ዘፈኑን በቃልዋ የያዘችው ሴት ልትሆን ትችላለች፤ «የማን ነው?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ እርስዋን ያጣታል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ የሚናገረው ትዝታ እንጂ የተፈጸመው ነገር አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንመረምረው ሰው ከዘፈኑ ጋራ ያለውን ግንኙነት እንደ ሆነ ትዝታው ራሱ የምርመራው ነገር ነው፤ የካሴቱ ምልክቶችም ቃሉን ለማመሳከር ይረዳሉ። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ በእርጅናው ዘፈንን የተወ ሰው አለ፤ በወጣትነቱ የወደደውን ካሴት ይዞ መታየት ያሳፍረው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ማግባባት አይገባም። መዝሙሩን ወይም መንዙማውን ይዞ መነሣት ቢፈቅድ ይነሣ፤ ያ ካሴት ቀድሞ ዘፈን የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም መናገርና አለመናገር የእርሱ ፈንታ ነው። ምንም ካልፈቀደ እምቢታው ያለ ስም በመዝገብ ይጻፍ።

በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ አለ፤ በመካነ ሰላምም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ ይህን ሥራ የሚጀምሩ ተማሪዎች ከሩቅ መምጣት አያስፈልጋቸውም። መሣሪያውም ቢሆን አንድ ካሜራ፣ አንድ ደብተርና ብዙ ትዕግሥት ነው። ጊዜው ግን አይቈይም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሃያ ዓመታቸው የመጀመሪያውን ካሴት የገዙት ሰዎች ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና የባለቤቱን ስም ሲነግረን፣ አምሳ ዓመት ያልሞላው ካሴት ግን ዝም ይላል፤ ባለቤቱ ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ የሚመልስልን የለም።