ቦዩን ማን ይጠግን?

በእንግሊዝ አገር አንድ የጀልባ ቦይ በሕግ እንዲዘጋ ለማስወሰን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳልተጠቀመበት ማስረዳት ይበቃ ነበር። የዋሪክሻየር ካውንቲ ምክር ቤት በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የስትራትፎርድ ቦይን ደቡባዊ ክፍል ለማስዘጋት ያመለከተው በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱም የተደበቀ አልነበረም። ምክር ቤቱ እንደገና የሚሠራው ድልድይ ነበረበት፤ ቦዩ ከተዘጋ ደግሞ ለጀልባ ማለፊያ ብሎ ድልድዩን ከፍ የማድረጉ ወጪ ይቀርለታል። ተቃዋሚዎቹ የመለሱት በወረቀት ቁራጭ ነው፦ በቅርቡ በታንኳ ያለፉ ሰዎች የከፈሉበት፣ ቀን ያለበት የማለፊያ ቲኬት። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ጀልባ ሲባል ጣና፣ ወንዝ ሲባል ባሮ ለሚታየን ሰዎች የእንግሊዞቹ ቦይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ወንዝ በራሱ ይፈሳል፤ ቦይ ግን ሰው ካልመገበው ይደርቃል። ወለሉና ግድግዳው ውሃ እንዳያሰርግ፣ እኛ አገር ለቤት ምርጊት እንደሚደረገው፣ ጭቃ እየተረገጠ ተለስኗል። ኮረብታ ሲያጋጥም ጀልባው የሚወጣው በውሃ በሮች ነው። ሁለት በር ባለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋበታል፣ ውሃ ይሞላና ከፍ ይላል። አንድ ጀልባ ኮረብታውን በተሻገረ ቁጥር ከአናቱ ላይ ብዙ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያንን የሚተኩት ከላይ የተሠሩ ግድቦች ናቸው። የእንጨት በሮቹ ይበሰብሳሉ፣ ደለሉ ይሞላል፣ የዛፍ ሥር የተለሰነውን ጭቃ ይሰነጥቃል። ጥገና አንድ ዓመት ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ይህ ወጪ መጀመሪያ ላይ ማንንም አላሳሰበም። የብሪጅዋተሩ መስፍን በ1761 ከዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ማውጫው ወደ ማንቸስተር የሚወስድ ቦይ ሲያስከፍት የከተማው የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። በየብስ ጋሪ የሚጎትት አንድ ፈረስ በውሃ ላይ ሠላሳ ቶን ገደማ ይጎትት ነበር። በ1790ዎቹ ገንዘብ ያለው ሁሉ የቦይ አክሲዮን ለመግዛት ተሻማ፤ ከዚያ ባቡር መጣ። የባቡር ኩባንያዎች ብዙ ቦዮችን ገዙ፤ ገዝተውም ቀስ በቀስ እንዲደኸዩ ተዉአቸው። በ1948 መንግሥት የትራንስፖርቱን ዘርፍ ሲወርስ አብዛኞቹ ቦዮችም አብረው እጁ ገቡ፤ ደለላቸውም እንደዚያው።

ዘመቻው የተወለደው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ «ክሬሲ» በተባለች ጀልባው ላይ እየኖረ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በ1944 ታተመ። መጽሐፉን ያነበበው ሮበርት ኤክማን ደብዳቤ ላከለት፤ በ1946 ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ማኅበርን መሠረቱ። ሁለቱም የሙት መንፈስ ታሪክ ደራሲዎች መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። የተቀበረን ነገር ማስነሳት ሥራቸው ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያ ድላቸው እስካሁን ለሕዝባዊ ጉትጎታ ጥሩ ትምህርት ይመስለኛል። በበርሚንግሃም አቅራቢያ ሊፎርድ ሌን ላይ የባቡር ኩባንያው ተንቀሳቃሽ የነበረውን ድልድይ በማይንቀሳቀስ ተክቶ፣ የራሱን ቦይ ራሱ ዘግቶ ነበር። ማኅበሩ ጉዳዩን በሎርዶች ምክር ቤት አስነሳና አንድ ቃል ተገባለት፦ አልፋለሁ ብሎ አስቀድሞ ለሚያሳውቅ ሁሉ ድልድዩ ይነሳለታል። ቃሉን የሰጡት ማንም አይመጣም ብለው ሳይሆን አይቀርም። ሮልት ግን በግንቦት 1947 እመጣለሁ ብሎ አሳወቀ፣ ጋዜጠኞችንም ጠራ። የባቡር ሠራተኞች ድልድዩን በክሪክ አነሱት፤ «ክሬሲ» ሆዷ የቦዩን ወለል እየፋቀ አለፈች። መንግሥትን በራሱ ቃል መያዝ ማለት ይህ ነው።

ሁለቱ መሪዎች ግን ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ሮልት ያሳሰበው በጠባብ ጀልባ ክፍል ውስጥ ልጆች እያሳደጉ ጭነት የሚያመላልሱት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ገንዘቡና ጉልበቱ እነሱ በሚሠሩባቸው ቦዮች ላይ ይዋል አለ። ኤክማን ደግሞ አንድም ቦይ አይተውም አለ፤ አንዱን ከለቀቅን የቀሩትንም ይወስዱብናል ባይ ነበር። በ1951 ሮልት ከማኅበሩ ተባረረ። በ1962 እና በ1963 መካከል የመጣው ከባድ ክረምት ቦዮቹን ለሳምንታት በበረዶ ዘጋ፤ ጭነቱ ወደ መኪና ሄደና አብዛኛው ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ በታሪክ ፊት ያሸነፈው ኤክማን ነው። እኔ ግን የሮልት ጥያቄ ተሸነፈ እንጂ መልስ አገኘ አልልም፦ ሁሉንም እናድናለን ካላችሁ፣ ጭነት በሌለበት ሁሉንም ማን ይመግባል?

ለጊዜው መልሱ በጎ ፈቃደኛ ሆነ። የስትራትፎርዱን ቦይ በዴቪድ ሃቺንግስ መሪነት ከ1961 እስከ 1964 የጠገኑት ፈቃደኞች፣ ወታደሮችና እስረኞች ናቸው፤ የንግሥቲቱ እናት መጥተው መረቁት። በ1968 ማንቸስተር አጠገብ በአሽተን ቦይ ከ600 በላይ ሰዎች በአንድ የሳምንት መጨረሻ ወደ 2,000 ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ አወጡ። ፖለቲከኞች ገንዘብ የሌለውን አቤቱታ ሊያልፉት ይችላሉ፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አካፋ የያዘ መራጭን ግን ማለፍ ይከብዳቸዋል።

በዚያው ዓመት የሚኒስትሯ የባርባራ ካስል የትራንስፖርት ሕግ ወጣ። ቦዮችን ለጭነት፣ ለመዝናኛ ጉዞ እና «ቀሪ» ብሎ በሦስት ከፈላቸው። የመዝናኛዎቹን በጀልባ የሚኬድባቸው አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ሰፈረ፤ ትልቅ ድል ነበር። «ቀሪ» የተባሉት ግን ለጤናና ለደኅንነት እስካላሰጉ ድረስ እጅግ በትንሽ ወጪ እንዲያዙ፣ ካስፈለገም እንዲወገዱ ተፈቀደ። ከሬዲንግ እስከ ባዝ የሚወስደው የኬኔትና ኤቨን ቦይ ከነዚህ አንዱ ነበር። በ1956 እንዳይዘጋ ከ20,000 በላይ ፊርማ ተሰብስቦ አቤቱታው በውሃ መንገድ ወደ ለንደን ተጉዟል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቦዩን እንደገና የከፈቱት በ1990 ነው፤ ያውም ብዙ ነገር ገና እየተለመነለት።

ከዚያ የሎተሪ ገንዘብ ዘመን መጣ። ለኬኔትና ኤቨን 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ፤ የሃደርስፊልድ ጠባብ ቦይ በ2001፣ የሮችዴል በ2002 ተከፈቱ። ዘመቻው ከራሱ ድል ጋር የተጋጨው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦይ ሲከፈት ሪባን አለ፣ የሚቆርጠው ሚኒስትር አለ፣ የስፖንሰር ስም የሚጻፍበት ድንጋይ አለ። የበሰበሰ የውሃ በር በማግስቱ ሲቀየር ግን ማንም አይመጣም። ፈቃደኞቹ በፍቅር መቆፈር እንደሚቻል አሳዩ፤ ግምጃ ቤቱ ደግሞ በፍቅር መጠገንም ይቻላል ብሎ ተረዳው።

በ2012 በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገድ ከመንግሥት ድርጅት ወደ አዲስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተዛወረ፤ ለ15 ዓመት የሚቆይ ድጎማም ተመደበለት። ሐሳቡ ድርጅቱ ከንብረት፣ ከጀልባ ፈቃድና ከለጋሾች ራሱን እንዲችል ነበር። የጥገና እጥረት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በነሐሴ 2019 ታየ። ለፒክ ፎረስት ቦይ ውሃ የሚያቀብለው የቶድብሩክ ግድብ ማስተንፈሻ በዝናብ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ካለችው ዌሊ ብሪጅ ወደ 1,500 ሰዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ ቀዳዳውን ለመድፈን የጦር ሄሊኮፕተር በከረጢት ጠጠር አመላለሰ። የመንግሥት አጣሪ የማስተንፈሻው ንድፍ ደካማ እንደነበርና የተቆራረጠ ጥገና እንዳባባሰው ጻፈ። የግል ይዞታም መከላከያ አይደለም፤ በግል ኩባንያ እጅ ያለው የብሪጅዋተር ቦይ በ2025 የመጀመሪያ ቀን ዳሩ ተንዶ ውሃው ማሳ ላይ ፈሰሰ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ መንግሥት በሐምሌ 2023 ከ2027 በኋላ ያለውን ድጎማ አስታወቀ፦ በመጀመሪያው ዓመት 50 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያ በየዓመቱ 5 በመቶ እየቀነሰ ለአሥር ዓመት። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ድርጅቱ 300 ሚሊዮን ያህል እንደሚያጣ አሰላ። ከመቶ በላይ ማኅበራት ተባብረው ዘመቻ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጀልባዎች ቴምዝ ላይ በፓርላማው ፊት አለፉ። በመካከሉ የጀልባ ፈቃድ ዋጋ ጨመረ፣ ቋሚ ማቆሚያ በሌላቸው ላይም ተጨማሪ ክፍያ ተጣለ። ስለዚህ ሰልፈኞቹ አንድ ቀን ለድርጅቱ ይጮሃሉ፣ በማግስቱ በድርጅቱ ላይ።

ክርክራቸውም ተቀይሯል። በ1946 ጭነት፣ በ1960ዎቹ መዝናኛ ነበር፤ ዛሬ የጎርፍ መከላከል፣ በቦዩ ዳር በነፃ የሚራመድ ሕዝብ ጤናና የመጠጥ ውሃ ሆኗል። የመጨረሻው ገንዘብ አለው፤ በግራንድ ዩኒየን ቦይ ከመካከለኛው እንግሊዝ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ውሃ ለማሳለፍ የውሃ አቅራቢ ኩባንያዎች እየሠሩ ነው፤ ያ ቦይ ከፋይ ያገኛል። በሎተሪ ገንዘብ የተከፈቱት የሰሜን ተራራ ቦዮች ግን እንዲህ ያለ ደንበኛ የላቸውም፤ ዓይናቸው በ2027 ድጎማ ላይ ነው።